ወንድሜ ታስሯል፤ እኔ ፊልም አያለሁ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከደንበጫ አካባቢ ነው። ጸሐፊዋ በደብተር ወረቀት ጽፋ፣ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ስሟን አላወጣሁም። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።

«ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ 24 ዓመቴ ነው። ከእናቴና ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ጋር ነበር የምኖረው። ትልቁ 21 ዓመቱ ነው። አምና በጥምቀት ማግሥት ጠብ ተነሥቶ የሰው ክንድ በዱላ ሰበረ። አራት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። የታሰረው እዚሁ ጎጃም ነው፤ በመኪና ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

ከታሰረ ጀምሮ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ስልኬን ከፍቼ የእስር ቤት ፊልም አያለሁ። ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የተተረጎመውም ያልተተረጎመውም ሞልቷል። ሾውሻንክን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ልጅቷን ከአባቷ የሚለዩበትን የቱርኮቹን ፊልም አይቼ ደግሞ እስኪነጋ አለቀስኩ። የጀመርኩት እሱ ያለበትን ለማወቅ ብዬ ነበር። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የብረት በር ሲዘጋ ይሰማኛል። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆነኝ። እናቴ ብቻዋን ትመላለሳለች። ስትመለስ ‹ደህና ነው› ብቻ ነው የምትለኝ። አላምናትም። እሱም ‹እህቴ ምነው ጠፋች?› ይላል አሉ።

ትንሹ ወንድማችን 14 ዓመቱ ነው። አብሮኝ ያያል። ‹ግድ የለም፣ ወንድሜ ቆፍሮ ይወጣል› እያለ ለጓደኞቹ ያወራል።

ካሳውን በሬያችንን ሸጠን ከፍለናል። ወንድሜ ይህን አያውቅም። ከጥጃነቱ ያሳደገው እሱ ነበር።

እትዬ፣ ፊልሞቹ የሚያሳዩት እውነት ነው? ቁርጡን ይንገሩኝ። ማየቱንስ ልተው?»

እታለም፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አንዳንዶቹን ፊልሞች እንደገና አየኋቸው። ሦስት ሌሊት ሙሉ። ባለቤቴ «ደግሞ አንቺን ማን ታሰረብሽ?» እስኪለኝ ድረስ። እኔም በልጅነቴ የእስረኛ ቤተሰብ ነበርኩ፤ እሱን እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

አራት ጊዜ ያየሽው «ዘ ሾውሻንክ ሪዴምፕሽን» እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ነው፤ የፊልሞቹን ነገር ሁሉ በፈረንጆቹ ዓመት ነው የምቆጥርልሽ። ፍራንክ ዳራቦንት ከስቲቨን ኪንግ ድርሰት ተነሥቶ ሠራው። ሲወጣ ሲኒማ ቤት ብዙም ሰው አልገባለትም። ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም ሳያገኝ ቀረ። ስሙ የገነነው በኋላ ነው፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በካሴትና በቴሌቪዥን ሲያየው። ማታ ማታ፣ ልክ እንደ አንቺ።

ያ የሚያስፈራው የድንጋይ ሕንፃ የእውነት እስር ቤት ነበር። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ማንስፊልድ የሚባል ከተማ ነው ያለው። ግን በ1990 ተዘግቷል። ካሜራው ሲገባ እስረኛ የሚባል አልነበረበትም። ዛሬ ሰው ከፍሎ የሚጎበኘው ሙዚየም ሆኗል። ያ ፎቅ በፎቅ የተደረደረው ባለ ፍርግርግ የክፍሎች መደዳ ደግሞ ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እዚያው ከተማ ባለ ባዶ ፋብሪካ ውስጥ። እንግዲህ አስቢው። ሌሊት ሌሊት ጆሮሽ ላይ የሚዘጋው በር ለፊልም የተሠራ በር ነው። ጓ! የሚለውንም ቢሆን ባለሙያ ቁጭ ብሎ ነው የሚያጎላው።

ይህን የምነግርሽ «ሁሉም ውሸት ነው፣ ተኚ» ልልሽ አይደለም። ዋናው ነገር ሕንፃው አይደለም። ጊዜው ነው።

ፊልሙ 142 ደቂቃ ይፈጃል። ዋናው ባለታሪክ ግን ከ1947 እስከ 1966፣ 19 ዓመት ነው የሚታሰረው። አካፍዪው። ለአንድ ዓመት ሰባት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርሰውም። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ምን ይገባል? ድብደባው ይገባል። የሞተው ሰው ይገባል። ማምለጡ ይገባል። ሽሮ ተበልቶ፣ ልብስ ታጥቦ፣ ፀሐይ ተሞቆ የዋለበት ማክሰኞ አይገባም። ፊልም ሠሪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምንም ያልሆነበትን ቀን ማን ከፍሎ ያያል? የወንድምሽ አራት ዓመት ከስድስት ወር ግን ከ1,600 ቀን ይበልጣል። አብዛኛው ማክሰኞ ነው።

አንቺ የምታይው ግን ማክሰኞዎቹ የተቆረጡለትን ነው። ያንኑ አራት ጊዜ ደጋግመሽ ስታይ፣ ወንድምሽ በየሌሊቱ የሚደበደብ ይመስልሻል።

በደብዳቤሽ መሃል የሰረዝሽው አንድ መስመር አለ። ፎቶው ጥሩ ስለሆነ ይነበባል። አልደግመውም። በነዚህ ፊልሞች ጠንካራው እስረኛ ደካማውን ምን እንደሚያደርገው አይተሽ የፈራሽው ነገር ነው። ይህ የትም አገር እስር ቤት ውስጥ አይደርስም ብዬ አልዋሽሽም። ፊልሙ ግን የሚነግርሽ ስለ ሌላ ዓይነት ቤት ነው። እዚያ ሁለት ሰው ወይም አንድ ሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል ይዘጋበታል። ፍርሃቱ የሚመጣው ከብቸኝነቱ ነው። የኛ አገር ማረሚያ ቤት ጣጣው ተቃራኒው ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሰው ነው የሚተኛው። ጎን ለጎን፣ ምንጣፍ ለምንጣፍ። መገላበጥ እስኪቸግር ድረስ። የቤቱ አለቃ አለ፤ ካቦ ይሉታል። ከጣሊያን የተረፈን ቃል ነው፤ «ከርቸሌ»ም እንደዚያው። ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን መቼ እንደሚጠርግ ያውቃል። ክፉ ካቦ አለ፣ ደግ ካቦ አለ። ግን ሃምሳ ጆሮ ባለበት ቤት አንድ ነገር ሳይሰማ አያድርም።

ስለ ጥበቱ ካነሣሁ አይቀር ሌላውንም ልበል። ትኋንና ቅማል አለ። የደጋው ብርድ አለ፤ እሱን ለጎጃም ሰው አልነግርም። አንዱ ሲያስል ሁሉም ያስላል። በደል የሚደርስበትም ሰው አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ኢሰመኮ የምንለው፣ ማረሚያ ቤቶችን እየዞረ መጨናነቁንና የምግቡን፣ የሕክምናውን እጥረት በየሪፖርቱ ሲጽፍ ኖሯል። ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ስለዚህ «እናትሽ ደህና ነው ካለች ደህና ነው» ብዬ አላልፍም። እናት ትደብቃለች። እኔም እናት ነኝ፣ እደብቃለሁ። ነገር ግን ፊልሙን የሠራው ሰውዬ ወንድምሽን አያውቀውም። እናትሽ ፊቱን አይታ ነው የምትመጣው። ከሁለቱ ማንን ማመን እንደሚሻል አንቺው ፍረጂ።

ፊልም ጭካኔ ሲጨምርበት ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገርሽ። «ሚድናይት ኤክስፕረስ» የሚባል የ1978 ፊልም አለ። ቱርክ ውስጥ በሐሺሽ የተያዘ አሜሪካዊ ወጣት ታሪክ ነው፤ ሰውዬው በእውነት ነበረ፣ ታስሮም ነበር። በፊልሙ መጨረሻ የእስር ቤቱን ጠባቂ ገድሎ፣ የሱን ልብስ ለብሶ በበሩ ይወጣል። በእውነቱ ማንንም አልገደለም። ከታሰረባት ደሴት በሌሊት በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ነው ያመለጠው። ቱርኮች በፊልሙ አንድም ደህና ሰው ሳይኖራቸው ቀሩ። ስክሪፕቱን የጻፈው ኦሊቨር ስቶን በ2004 ኢስታንቡል ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። ከ26 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ ስንቱ ሰው አይቶ «የቱርክ እስር ቤት እንዲህ ነው» ብሎ ተኝቷል? የታሰረ ልጅ ያላት ቱርካዊት እናትስ?

ያስለቀሰሽ ፊልም ደግሞ መጀመሪያ የኮሪያ ነው። «የክፍል ቁጥር 7 ተአምር» ይባላል፤ ኮሪያዎቹ በ2013፣ ቱርኮቹ በ2019 ሠሩት። እኔም አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ከሁሉም ወደ እውነት የቀረበው እሱ ይመስለኛል፤ እስረኞቹ እርስ በርስ ዘመድ ሲሆኑ ያሳያል። ያ እኛም አገር አለ። አብሮ የሚበላ፣ የታመመውን የሚያስታምም፣ መጻፍ ለማይችለው ማመልከቻ የሚጽፍ። ልጅቷን ወደ እስር ቤቱ ደብቀው ሲያስገቧት ግን ሳቅ አልኩ። እዚያ ተአምር ተብሎ ፊልም የተሠራበት ነገር እዚህ የዕለት ኑሮ ነው። እኛ አገር የታሰሩ እናቶች ሕፃን ልጃቸውን ይዘው እዚያው ግቢ ይኖራሉ። ማንም አልደበቃቸውም። ፊልምም አልሠራላቸውም።

አሁን ሦስት ሌሊት ስፈልግ ያጣሁትን ልንገርሽ። ጠያቂ አጣሁ።

ሾውሻንክን አምስተኛ ጊዜ ካየሽው (አትይው እንጂ) ይህን አስተውዪ። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ለሰውዬው ስንቅ ይዞ የሚመጣ የለም። በሌሎቹ ፊልሞች ጠያቂ ቢመጣም በመስታወት ጀርባ ስልክ አንሥቶ ሁለት ቃል ተናግሮ ይሄዳል። ወይ ሚስት ናት፣ ፍቺ ልትጠይቅ የመጣች። ያ ብሩክስ የሚባለው ሽማግሌ ትዝ ይልሻል? ሃምሳ ዓመት ገደማ ታስሮ ተፈታ። በሩ ላይ የጠበቀው ሰው አልነበረም። አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ትንሽ ቆየና ራሱን ሰቀለ። ሰው የሚያለቅሰው እስር ቤቱ ሰበረው ብሎ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ሳየው «የዚህ ሰውዬ እህት የት ሄደች?» አልኩ።

እኛ አገር እስር ቤት ያለ ጠያቂ አይታሰብም። በጥዋት ፔርሙዝና አገልግል ይዞ በበሩ የሚሰለፈውን ሰው አይተሽዋል። ሁለት ጊዜ ቆመሽበታል። ያንን ሰልፍ አንድም ፊልም አላሳየኝም። አንቺ በፊልሙ ውስጥ የለሽበትም፣ እታለም። ለዚህ ነው የሚያስፈራሽ። አንቺ የሌለሽበትን እስር ቤት ነው በየሌሊቱ የምታይው።

የራሴን ልንገርሽ። በደርግ ማብቂያ ላይ አጎቴ ሁለት ዓመት ታስሮ ነበር። ጥፋቱ ከወንድምሽ ብዙም አይርቅም። እኔ 13 ዓመቴ ነበር፤ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ፖሊሱ ክዳኑን ይከፍትና «ቅመሺ» ይለኛል። እቀምሳለሁ። አንድ ቀን እናቴ በርበሬውን አብዝታው ትን አለኝና ሳል ያዘኝ። ፖሊሱ ደነገጠ። ምግቡ መርዝ ያለበት መስሎት ሊያስቀረው ነበር። ኋላ ላይ እሱ ራሱ ቀመሰውና እንባው ወረደ። «እናትሽ ልትገድለው ነው እንዴ?» ብሎ አሳለፈኝ።

ከገባን በኋላ ከአጥሩ ወዲህ እኛ፣ ከአጥሩ ወዲያ እነሱ። መሃል ላይ ጠባቂ ይንጎራደዳል። ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል። «ጤፉ ታጨደ?» «ቡሬዋ ወለደች?» «ያ ሰውዬ ብሩን መለሰ?» የሰው እስር ቤት ሳይሆን የቅዳሜ ገበያ ይመስል ነበር። አጎቴ ስለ ምግቡ ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ላሟ ነበር የሚጠይቀኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቡና ላይ ሳለን «ጋሼ፣ እዚያ ቤት የከፋው ምን ነበር?» አልኩት። ዱላ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ጠሪው» አለኝ።

እሁድ እሁድ ጠያቂ ሲመጣ የእስረኛውን ስም እየጮኸ የሚጠራ ሰው ነበር። እሱ ብቅ ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል። ካርታ የሚጫወተው ካርታውን ያስቀምጣል። ጫማውን ያወለቀ ጫማውን ያጠልቃል። ስሙ የተጠራው ጋቢውን እያስተካከለ ይሮጣል። ያልተጠራው ቀስ ብሎ ካርታውን ያነሣል። «አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ሦስት እሁድ ቀራችሁብኝ» አለኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ሦስቱንም ቆጥሮ ይዟቸዋል።

እናትሽ ስለምትሄድ የወንድምሽ ስም ይጠራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ወጥቶ እሷን ሲያይ፣ ከኋላዋ ሌላ ሰው መኖሩን አንገቱን አስግጎ ማየቱ አይቀርም።

ሌላም አለ። በደል ካለ የሚታወቀው በጠያቂ ነው። ፊልም እያየሽ ልትታደጊው አትችይም፤ አጥሩ ጋ ቆመሽ ግን ትችያለሽ። አካሄዱን እዪ። እጁን እዪ። ባለፈው እናትሽ የወሰደችለት ሹራብ ገላው ላይ አለ ወይስ የለም? ከሲታ ሆኗል ወይ? ጠያቂ የሚመላለስበትን እስረኛ ደፍሮ የሚነካው ጥቂት ነው። ደግሞ ልመና አይደለም፤ መብት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ የታሰረ ሰው ከቅርብ ዘመዶቹና ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር መገናኘትና በእነሱም መጎብኘት እንደሚችል ተጽፏል። አንድ ያልተስማማሽ ነገር ካየሽ መጀመሪያ እሱን ጠይቂው፤ «ተናገሪልኝ» ካለሽ ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ፣ ካልተሰማሽ ለኢሰመኮ። እሱ ሳይፈቅድ ግን አትጩኺ። ማታ ተመልሶ እዚያው የሚያድረው እሱ ነው።

ወደ ትንሹ ወንድምሽ ልምጣ። ቁፋሮውን ከየት እንዳመጣው ገብቶኛል። «ፕሪዝን ብሬክ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ያላየ ጎረምሳ የለም። ሕንፃውን በንቅሳት ሰውነቱ ላይ ስሎ የገባው መሐንዲስ። ተከታታዩ በ2005 ሲጀምር፣ የተቀረጸበት የጆሊየት እስር ቤት ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ባዶ እስር ቤት ማን አያመልጥም? ይህን ንገሪው፣ ይስቃል። ከዚያ ደግሞ የራሱን አገር ሰው አንሺለት። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀን። ያንን ጀግና፣ ጣሊያንን አምስት ዓመት ያንቀጠቀጠውን። ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ ታስሮ ሳለ ከእስር አመለጠ። ተያዘ። በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ፊልም ቢሆን ኖሮ ማምለጡ ላይ «ተፈጸመ» ይል ነበር።

ጨዋታውን ትተን፣ ያ ወሬ ወንድምሽን ሊጎዳው ይችላል። ማምለጥ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። «ሊያመልጥ ነው» የሚል ወሬ፣ ከሕፃን አፍም ቢወጣ፣ የማይሆን ጆሮ ውስጥ ይገባል። ልጁ ጠላት ሆኖ አይደለም። ወንድሙን ጀግና ሊያደርገው ፈልጎ ነው፤ ክፍል ውስጥ «የእስረኛ ወንድም» ሲሉት ሌላ ምን ይበል? ልጆች ማስገባት የሚፈቅዱ ከሆነ ይዘሽው ሂጂ። ወንድሙን በዓይኑ ካየው ቁፋሮውን ይተወዋል።

የሚያስፈታው ነገር ካስፈለገ፣ መንገዱ ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ላይ አመክሮ አለ። የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ ሰው፣ ጠባዩ ካማረና ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን ከካሰ፣ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የአራት ዓመት ከስድስት ወር ሁለት ሦስተኛ ሦስት ዓመት ነው። ከፍርድ በፊት የታሰረበትም ይታሰብለታል። ይፈታል አላልኩሽም፤ ሊፈታ ይችላል ነው ያልኩሽ።

«ጉዳቱን ከካሰ» የሚለውን ደግመሽ አንብቢው።

እዚህ ላይ ስጠረጥር የቆየሁትን ልንገርሽ። ከመንገድ ያስቀረሽ በሩ አይመስለኝም። በሬው ነው።

ሁለት ጊዜ ሄደሽ ጠይቀሽዋል። ያኔም እስር ቤቱ ያው ነበር። መቅረት የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው? በሬው ከተሸጠ ወዲህ ይሆን? ሄደሽ አጥሩ ጋ ስትቆሚ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ስለ እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከጥጃነቱ ያሳደገው ነው። እናትሽ ትዋሽለት ይሆናል፤ «ደህና ነው» ማለት ለምዳለች፣ ላንቺም ትላለች። አንቺ መዋሸት አልሆነልሽም። መናገርም ከበደሽ። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት የሌላ አገር እስር ቤት ታያለሽ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ግን ያን ሁሉ ስለ ፊልም ጽፈሽ በሬውን በሦስት አጭር አረፍተ ነገር ማለፍሽ ነው ያነቃኝ።

ንገሪው። አንቺ ራስሽ ንገሪው። «ሸጥነው፣ ካሳውን ከፈልንበት፣ ከሰዎቹ ጋር ታርቀናል» በዪው። ታርቃችሁ ከሆነ ማለቴ ነው፤ ካልታረቃችሁ ሽማግሌ ልካችሁ ጨርሱት፣ አልረፈደም። ካሳው የተከፈለበት ወረቀት የት ነው? ፍርድ ቤት ከሆነ ግልባጩን አውጪ። ሽማግሌ ፊት ከሆነ አስፈርማችሁ አስቀምጡት። የአመክሮ ነገር ሲነሣ ያ ወረቀት ይፈለጋል። ሊናደድ ይችላል። ሊያለቅስም ይችላል። ያልቅስ። ግን በሬው የትም እንዳልጠፋ፣ እሱን ለማስፈታት እንደሄደ ሲገባው፣ ሲጨልምበት የሚያስበው አንድ ነገር ያገኛል።

ማየቱን ልተው ወይ ላልሽው፣ እስክትሄጂ ድረስ ተዪው። ስልኩንም ማታ ከራስጌሽ አርቂው። ከጠየቅሽው በኋላ ብታይ ግድ የለኝም። ያኔ «ኧረ ይሄ ውሸት ነው! ስንቁን ማን አቀበለው?» እያልሽ ነው የምታይው።

የመጠየቂያውን ቀን እናትሽ ታውቀዋለች፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም አጣሩ። መታወቂያሽን እንዳትረሺ፣ ያለ እሱ ከበር ትመለሻለሽ። ስንቁን ለአንድ ሰው አትቋጥሪ። አብሮት የሚበላ ሰው አለ፤ ጠያቂ የሌለውም ከእሱ ይጋራል። በሶ ጥሩ ነው፣ ሳይበላሽ ይቆያል። ዳቦ ከያዝሽ ጠባቂዎቹ ሲፈትሹ ይቆርሱታል፣ ሳሙናውንም ሊሰነጥቁት ይችላሉ፤ ቅር አይበልሽ፣ ለሁሉም እንደዚያው ነው። ነጠላ ጫማና ወፍራም ካልሲ ጨምሪ። በርበሬውን ግን አታብዙ።

ስትመለሺ ጻፊልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ሳትነግሪኝ ቀረሽ። የበሬው ስም ማን ነበር?